የድንጋይ ራዲዮን ሳያቃጥሉ በቻርጀር ማሰራት

አዋሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ቤት ብትገቡ መስኮት ላይ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኛላችሁ፣ ትንሽ ከሞቀ ለተወሰነ ሰዓት ይሰራል ተብሎ ነው። እዛው ቤት መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ስልኩ የተሸጠበት ቻርጀርና የተበላሸ ሪሲቨር አዳፕተር ስራ ፈቶ ተቀምጧል። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሁለት ድንጋይ የምትበላ ትንሽ ራዲዮ የምትፈልገው 3 ቮልት ብቻ ነው፣ የምትስበውም እንደ ድምፁ መጠን በግምት ከ30 እስከ 100 ሚሊአምፕ ነው፣ ርካሹ ድንጋይ ይሄን ይዞ ብዙም አይዘልቅም፣ ተራ የስልክ ቻርጀር ግን 1000 ሚሊአምፕ መስጠት ስለሚችል ጭራሽ አይሰማውም።

ችግሩ በዚሁ ሙከራ የሚቃጠለውም ብዙ ነው። መናኸሪያ አካባቢም ሆነ ፒያሳ ያሉ ራዲዮ ጠጋኞችን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ ሰው አዳፕተር አገኘ፣ ጫፉ ራዲዮው ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ፣ ከገባ ይሆናል ብሎ ሶኬት ላይ ሰካው፣ አለቀ። የጫፉ ውፍረት ስለ ቮልቱ ምንም አይነግራችሁም። የ12 ቮልት አዳፕተርና የ5 ቮልት አዳፕተር አንድ አይነት ጫፍ ይዘው ይመጣሉ፣ ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁን ነገር ከታች በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ፣ ምሳሌዬ ራዲዮ ነው ግን መጫወቻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ስፒከር፣ ሌላም ድንጋይ የሚበላ ነገር ላይ ሂሳቡ ያው ነው።

1ኛ፣ እቃው ስንት ቮልት እንደሚፈልግ እወቁ

አንድ ድንጋይ፣ ትልቁም ሆነ ትንሹ ሆነ ቀጭኗ የሪሞት ድንጋይ፣ 1.5 ቮልት ነው። ትልቁ ድንጋይ ብዙ ሰዓት ይቆያል እንጂ ቮልቱ አይበልጥም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያደናግረዋል። ስለዚህ የድንጋዩን ቁጥር በ1.5 ታባዛላችሁ፣ 2 ድንጋይ 3 ቮልት፣ 3 ድንጋይ 4.5፣ 4 ድንጋይ 6፣ 6 ድንጋይ 9 ቮልት። ይሄ ድንጋዮቹ አንዱ ፕላስ ሌላው ማይነስ እየተነካኩ በተከታታይ ሲገቡ ነው፣ አብዛኛው እቃ እንደዛ ነው፣ አንዳንድ የእጅ ባትሪ ግን ድንጋዮቹን ጎን ለጎን አንድ አቅጣጫ ያስገባቸዋል፣ እሱ ጋ ስንትም ይሁን 1.5 ቮልት ብቻ ነው። ከተጠራጠራችሁ ክዳኑ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ዲሲ 3 ቮልት ምናምን ተብሎ ይጻፋል፣ እሱን እመኑ።

ቮልቱ የግድ ፍፁም እኩል መሆን አያስፈልገውም። አዲስ አልካላይን ድንጋይ ስትለኩት 1.6 አካባቢ ያሳያል፣ ሲያልቅ ደግሞ ወደ 1 ቮልት ይወርዳል፣ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ራሱ 1.2 ነው። ማለትም የ2 ድንጋይ ራዲዮ ከ2.4 እስከ 3.3 ባለው መሃል ደስ ብሎት ይሰራል። ትንሽ ቢያንስ ድምፁ ቢቀንስ ነው፣ ሲበዛ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ ምርጫ ካጣችሁ ወደሚያንሰው ሂዱ።

አምፕ ላይ ግን ተቃራኒ ነው። አዳፕተሩ 2 አምፕ ቢልና ራዲዮው 0.1 ቢበቃው ምንም አይሆንም። አምፕ ማለት ሮቶ ላይ ያለ ውሃ ነው፣ ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ብርጭቆ አይሰበርም፣ የሚፈልገውን ያህል የሚቀዳው ራዲዮው ነው። ከሚፈልገው ካነሰ ነው ችግር የሚሆነው።

2ኛ፣ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ

ትንሿ ጽሑፍ ላይ ሁለት መስመር አለ። ኢንፑት የሚለው ከግድግዳ የሚገባው ነው፣ 220 ወይም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ እሱን ተውት። አውትፑት ከሚለው ጎን ያለውን ነው የምትፈልጉት። እዛ ጋ ከቮልቱ አጠገብ ያለችውን ምልክት ተመልከቱ፣ ቀጥ ያለ መስመርና ከስሩ ነጠብጣብ ካለ ዲሲ ነው (ድንጋይ የሚሰጠው አይነት፣ አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ)፣ ጥሩ ነው፣ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘች ምልክት ካለች ግን ኤሲ ነው የሚያወጣው፣ ለእንደዚህ አይነት እቃ አይሆንም፣ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ትንሽ የክብ ስዕል ታገኛላችሁ፣ መሃሏ ነጥብ ያለባት። ነጥቧ በመስመር ከ+ ጋር ከተያያዘች የጫፉ ውስጠኛ ክፍል ፕላስ ነው ማለት ነው፣ ከማይነስ ጋር ከተያያዘች ውስጡ ማይነስ ነው። ራዲዮው ቀዳዳ አጠገብም ይሄው ስዕል አለ፣ ሁለቱ አንድ አይነት መሆን አለባቸው። አብዛኛው አዳፕተር ውስጡ ፕላስ ነው ግን በተለይ የድሮ ራዲዮና የሙዚቃ ኪቦርድ ላይ የተገላቢጦሹ ያጋጥማል፣ በግምት አትሂዱ።

ከተቻለ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይኑራችሁ። ርካሹም ይበቃል፣ በዲሲ 20 ቮልት ላይ ታደርጉታላችሁ፣ ቀዩን ጫፍ ውስጥ ጥቁሩን ውጭ ታስነካላችሁ፣ ቁጥሩ ፊት ማይነስ ምልክት ከመጣ የጫፉ ውስጥ ማይነስ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከበድ የሚለው ትራንስፎርመር ያለበት የድሮ አዳፕተር ምንም ሳይሰካበት ስትለኩት ከተጻፈው በላይ ያሳያል፣ 9 የሚለው 12 ወይም 13 ሊያሳይ ይችላል። ባዶውን ስለሆነ ነው፣ ስራ ሲሰጠው ይወርዳል፣ ግን ትንሿ ራዲዮ የምትስበው ስለሚያንስ በደንብ ላይወርድም ይችላል። ቮልቱ በመቀያየሪያ የሚመረጠው አዳፕተር፣ 3፣ 4.5፣ 6፣ 9 እያለ የሚሄደው፣ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፣ ስለዚህ 3 ላይ አድርጋችሁ 5 ቮልት ካያችሁ ቀጥታ ራዲዮ ላይ አትስኩት።

3ኛ፣ 5 ቮልቱን ወደ 3 ማውረድ

ሁሉም ቤት ያለው የስልክ ቻርጀር ነው፣ እሱ ደግሞ 5 ቮልት ነው። ፈጣን ቻርጀርም ቢሆን አትፍሩት፣ ስልኩ ካልጠየቀው በስተቀር 5 ላይ ነው የሚቆየው። ገመድ ስትመርጡ አንዱ ጫፍ ሰፊው የድሮው ዩኤስቢ የሆነውን ውሰዱ። በሁለቱም በኩል ታይፕ ሲ የሆነውን ብትቆርጡት ቻርጀሩ ስልክ መኖሩን ስለማያይ ምንም ቮልት አይሰጣችሁም።

የተበላሸ ገመድ ፈልጉና የስልኩን ጫፍ ቁረጡት፣ ውስጡ ብዙውን ጊዜ አራት ሽቦ አለ፣ ቀይ ፕላስ፣ ጥቁር ማይነስ፣ አረንጓዴና ነጩ የዳታ ነው፣ እነሱን አሳጥራችሁ ለየብቻ በናስትሮ ሸፍኗቸው። ርካሽ ገመድ ላይ ቀለሙ ሌላ ስለሚሆን ከመጠቀማችሁ በፊት ለኩ።

ከዚህ በኋላ ቀላሉ መንገድ ዳዮድ ነው፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ እቃ። ዋን ኤን 4007 የሚባለው ጥቁሩ ትንሽ ዳዮድ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ፣ ካጣችሁም ከተቃጠለ ኢኮኖሚ አምፖል ውስጥ ብዙ ጊዜ አራት ታገኛላችሁ (ከሶኬት ወጥቶ የቆየ ይሁን፣ መስታወቱን ደግሞ እንዳትሰብሩት፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለው)። አንዱ ዳዮድ 0.7 ቮልት አካባቢ ይቀንሳል፣ ሶስቱን አንዱን ከአንዱ ጭራ ቀጥላችሁ ቀዩ ሽቦ ላይ ስታስገቡ 5 የነበረው 2.9 አካባቢ ይሆናል፣ ለ2 ድንጋይ ራዲዮ ልክ ነው። ብርማ ቀለበቷ ያለችበት ጎን ወደ ራዲዮው ይዙር፣ ሶስቱም አንድ አቅጣጫ። ገልብጣችሁ ከቀጠላችሁ አይሰራም እንጂ ምንም አይቃጠልም፣ ይሄ የዳዮድ ጥሩ ጎኑ ነው። ብየዳ ካልቻላችሁ ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ በስታኞ ነካ ነካ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፣ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ይሰራል ግን ውሎ አድሮ ይላላል።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር፣ ዳዮዶቹን ቀጥላችሁ ራዲዮው ተዘግቶ ስትለኩ 4 ቮልት ምናምን ታያላችሁ። ሳይሰራ ስትለኩት ነው፣ ዳዮድ የሚቀንሰው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው፣ ራዲዮውን ክፈቱና እንደገና ለኩ፣ ወደ 3 ይወርዳል። ይሄ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ኤኤምኤስ 1117 የሚባለውን 3.3 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ ቦርድ ግዙ፣ ባዶም ሆነ ስራ ላይ 3.3 ነው የሚያወጣው፣ ሁለት አዲስ ድንጋይ ከሚሰጠው ጋር እኩል ስለሆነ ራዲዮው አይጎዳም። እኔ ሁለቱንም ማግኘት ከቻላችሁ ቦርዱን ነው የምመክረው።

ለ3 ድንጋይ እቃ አንድ ዳዮድ ብቻ፣ 4.3 ይሆናል። 4 ድንጋይ የሚበላው 6 ቮልት ነው ቢባልም ምንም ሳትቀንሱ 5 ቮልቱን ቀጥታ ስጡት፣ አራት ግማሽ ያለቁ ድንጋዮች ከዛም ያነሰ ነው የሚሰጡት፣ አብዛኛው ራዲዮ ያለ ችግር ይሰራል። 6 ድንጋይ ላይ ግን 5 አይበቃም፣ አንዳንድ የዋይፋይ ሳጥን 9 ቮልት አዳፕተር ነው ያለው፣ እሱን ፈልጉ። ሞተር ያለው መጫወቻ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ዳዮዱም ትንሿ ቦርድም ይግላሉ፣ ለሱ ኤልኤም 2596 የተባለው ስቴፕዳውን (ቮልት ቀናሽ ቦርድ) ይሻላል።

4ኛ፣ የእንጨት ድንጋይ

ራዲዮው መሰኪያ ቀዳዳ ካለው አልፋችሁ ሂዱ። ከሌለው ብዙ ሰው ራዲዮውን ፈቶ ሽቦ ይበይዳል፣ እኔ ይሄን አልወደውም፣ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ወደ ድንጋይ መመለስ አለባችሁ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። የእንጨት ድንጋይ፣ ማለትም በድንጋይ ቅርጽ ተጠርቦ ሽቦ የተያያዘበት እንጨት፣ ግን ታወጡታላችሁ፣ እውነተኛውን ታስገባላችሁ፣ በቃ።

መጀመሪያ ጥሩ ድንጋዮች እንደተለመደው አስገቡና ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ በቴስተር የሁሉንም ድምር የሚያሳየውን ሁለት ነጥብ ፈልጉ። ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን በሚገባበት ራዲዮ ላይ በአንድ በኩል ሁለቱን ድንጋይ የምታያይዝ አንድ ቆርቆሮ አለች፣ በሌላው በኩል ደግሞ የተለያዩ ሁለት ጫፎች አሉ፣ አንዷ ጠፍጣፋ ሌላዋ ሞላ። 3 ቮልቱ የሚገኘው እነዚህ የተለያዩት መሃል ነው፣ ጠፍጣፋዋ ፕላስ ሞላዋ ማይነስ። የምታያይዘው ቆርቆሮ አሁን ስራ የላትም።

ድንጋዮቹን አውጡ። ደረቅ እንጨት በቢላ እየጠረባችሁ ሁለት በትር አውጡ፣ ለትንሹ ድንጋይ ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ነው፣ ለትልቁ ድንጋይ 61 በ33 (የመጥረጊያ እጀታ ላይ ካርቶን ብትጠቀልሉበትም ይሆናል)፣ ለቀጭኗ 44 በ10። በመለኪያ ከማሰብ ይልቅ አጠገቡ ድንጋይ አስቀምጣችሁ አስተያዩት። አንዱ በትር ጫፍ ላይ አጭር ቪቴ በካቻቢቴ አስገቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይጠብቅ የፕላሱን ሽቦ ልጣችሁ ከራሱ ስር ሁለቴ ጠምጥሙና አጥብቁት። ሁለተኛው በትር ላይም እንዲሁ የማይነሱን። ቪቴው ከመግባቱ በፊት በሚስማር ትንሽ ካልበሳችሁት እንጨቱ ይሰነጠቃል። የፕላሱ በትር ቪቴው ጠፍጣፋዋን እንዲነካ፣ የማይነሱ ሞላዋን እንዲጫን አድርጋችሁ አስገቡ፣ ሌላኛው ጫፋቸው ባዶ እንጨት ነው፣ ድጋፍ ብቻ። በትሮቹ ላይ በእስክሪብቶ ፕላስና ማይነስ ጻፉባቸው፣ ከወር በኋላ እናታችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ ነው አውጥቶ የሚመልሰው። ገመዱ እንዲወጣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁረጡለት።

ያለቀ ድንጋይ በእንጨቱ ፋንታ መጠቀም የሚፈልጉ አሉ፣ አታድርጉት፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ደግሞም ይፈሳል። ከዛም በላይ አደራ የምለው፣ ውጪ ኃይል እየሰጣችሁ ተራ ድንጋይ ውስጥ አትተዉ። ወደ ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ከገባ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ፋብሪካው መሰኪያ የሰራለት ራዲዮ ብዙ ጊዜ ጫፉ ሲገባ ድንጋዩን የሚያቋርጥ ነገር አለው፣ እናንተ የሰራችሁት ግን የለውም።

የፈሰሰ ድንጋይ ቆሻሻ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት አፅዱ። የአልካላይን ነጭ ዱቄት በጥጥ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ብታሹት ይለቃል፣ ከዛ በደረቅ ጨርቅ፣ ሞላው ዝገት ከያዘ በአሸዋ ወረቀት ፈግፈግ።

5ኛ፣ ስትሰኩት

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ጫፉን ለኩ፣ ንቀሉ፣ ራዲዮው ላይ አያይዙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ ከዛ ሰኩ። ሰላሳ ደቂቃ ካዳመጣችሁ በኋላ ዳዮዶቹንና ቻርጀሩን በእጃችሁ ንኩ፣ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ንቀሉ።

ኤፍኤም ላይ ደህና ሆኖ መካከለኛ ሞገድ ወይም አጭር ሞገድ ላይ ስትሄዱ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ጣቢያውን ከሸፈነው የቻርጀሩ ነው፣ ውስጡ በጣም በፍጥነት የሚበራ የሚጠፋ ሰርኪት አለ እሱ ነው የሚረብሸው። ገመዱን ረዘም አድርጋችሁ ቻርጀሩን ከራዲዮው አርቁት፣ ከድሮ ኮምፒውተር ገመድ ላይ ያለችውን ጥቁር ድብልብል ማግኔት መሳይ ነገር ራዲዮው አጠገብ ገመዱ ላይ አድርጉ፣ ካልሆነ ከባዱ ትራንስፎርመር ያለው አዳፕተር ይሻላል፣ እሱ ደግሞ ዕዕዕ የሚል ወፍራም ድምፅ ካመጣ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር ፕላሱና ማይነሱ መሃል ጨምሩ፣ የማይነስ መስመር ያለበት ጎን ወደ ማይነስ።

አንቴናውን ስትነኩ ቀለል ያለ መንዘር ከተሰማችሁ ከባለ ሁለት እግር ቻርጀር የሚያፈተልክ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ጠንከር ካለ ወይም ቻርጀሩ ክብደት የሌለው ስሙ የማይታወቅ ከሆነ ጣሉት፣ ሌላ አምጡ። በረንዳ ላይ ባዶ እግር ሆናችሁ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አትጠቀሙበት። አዳፕተሩን መቼም ቢሆን አትክፈቱ፣ ውስጡ 220 ነው።

መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀሉት፣ ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ርካሽ ቻርጀር እዛ ላይ ነው የሚሞተው።

ፓወር ባንክና ሶላር

በፓወር ባንክ ማሰራት ይቻላል ግን ብዙዎቹ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ሲያንስባቸው ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ራዲዮዋ የምትስበው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ከደቂቃ በኋላ ዝም ትላለች። ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ትንሽ የዩኤስቢ መብራት ሰክታችሁ ብታበሩ አብሮ ስለሚስብ አይጠፋም።

የሶላር ወይም የሞተር 12 ቮልት ባትሪ ያላችሁ ደግሞ ኤልኤም 2596 ቦርድ ተጠቀሙ። ራዲዮውን ሳታያይዙ በመጀመሪያ ባትሪው ላይ አድርጋችሁ ትንሿን የነሐስ ቪቴ ወደ ግራ አዙሩ፣ ቴስተሩ 3 እስኪል፣ መጀመሪያ ብዙ ዙር ዞሮ ምንም ላይቀየር ይችላል፣ ቀጥሉ። 12 ቮልት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከ14 በላይ ይሄዳል፣ ቦርዱ ይችለዋል፣ ራዲዮው ቀጥታ ቢነካው ግን አይችለውም። እዚህ ጋ ፕላሱ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ 500 ሚሊአምፕ ፊውዝ የግድ ነው። ደህና ቻርጀር ሽቦ ሲነካካ ራሱን ይቆልፋል፣ እንደዚህ አይነት ባትሪ ግን ሽቦውን አግሎ እሳት እስኪያስነሳ ድረስ ይሰጣል።

በዚህ መንገድ የማትሰሯቸው

ከስር ስልክ ባትሪ መሳይ ጠፍጣፋ ባትሪ የሚገባባቸው ራዲዮዎች ድንጋይ አይደለም፣ ሊትየም ነው፣ 3.7 ቮልት ተብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፣ የባትሪው ጫፎች ላይ 5 ቮልት እንዳትሰጡ፣ የራሱ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ አለው። የደም ግፊት መለኪያም አትነካኩ፣ ብዙዎቹ በ4 ድንጋይ የሚሰሩ ናቸው፣ ሂሳቡ ቀላል ይመስላል ግን ክንድ ላይ የሚታሰር ነገር ነው ደግሞም ውሳኔ የሚወሰንበት ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ፋብሪካው የሚለውን አዳፕተር ግዙለት ወይ በጥሩ አልካላይን ድንጋይ ይሰራ። የግድግዳ ሰዓት ደግሞ የሚስበው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ አንድ ድንጋይ ዓመት ገደማ ያስኬደዋል፣ ለሱ ገመድ መዘርጋት አያስፈልግም።